የወለል መጠገኛ የሰም ዘንግ፦ በደብረ ብርሃን የጥድ ወለል ላይ አንድ ዓመት ሞክሬ ያገኘሁት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከመርካቶ በ1,200 ብር የገዛሁት የእንጨት ወለል መጠገኛ፣ ከመዳፍ ብዙም በማትበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የተለያየ ቀለም ያላቸው 11 የሰም ዘንጎች፣ በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የሰም ማቅለጫ፣ ጠርዙ ጥርስ የወጣለት መፋቂያና አንድ ማለስለሻ ስፖንጅ ይገኛሉ። ስገዛው በአንድ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ሳሎን ወለል እንደ አዲስ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አሁን የምለው ሌላ ነው። ዕቃው ለአንዳንድ ጉዳቶች ከሞከርኳቸው መጠገኛዎች ሁሉ የተሻለ ሲሆን፣ ለሌሎቹ ግን ገንዘብም ጊዜም ያባክናል፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ደግሞ ሳጥኑ ላይ አልተጻፈም። ይህን ግምገማ የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በመሐል ሜዳና በሌላውም የሰሜን ሸዋ ደጋ የጣውላ ወለል ያላቸው ሰዎች እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ሳይሳሳቱ እንዲያውቁት ነው።

ወለሉ ያለው ደብረ ብርሃን ጠባሴ በሚገኘው የእናቴ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ያሠራው አባቴ ሲሆን፣ ሳሎኑ በሐበሻ ጥድ ጣውላ የተነጠፈ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ያሉት ሦስት ጣውላዎች ብቻ የቀድሞዎቹ በዝናብ ስለተበላሹ በባሕር ዛፍ ተተክተዋል። ጥድ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያለው፣ ከተላገ ከብዙ ዓመት በኋላም ሲፋቅ ደስ የሚል ሽታ የሚሰጥ፣ ምስጥ እምብዛም የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ የወንበር እግር እንኳ ምልክት ይተውበታል። እንዲህ ያለ ጣውላ ሲበላሽ ሄዶ ሌላ መግዛት ዛሬ ቀላል አይደለም፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ናቸውና። ክልከላውም ተገቢ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስወስደው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ያን ዘመን እንዲህ የታሰበለትን ዛፍ ዛሬ በፍም ለተቃጠለ አንድ ጣውላ ብለን ማስቆረጥ ያሳፍራል። ስለዚህ ያለንን ጣውላ መጠገን ግድ ይለናል።

በሳጥኑ ላይ የታተመው ሥዕል ውሻ በጥፍሩ የቧጨረውን ወለል ያሳያል። በእኛ ቤት ግን የወለሉ ዋና ጠላት የቡና ፍም ነው፤ ጀበናው ከፈርኔሎው ሲነሳ ተፈናጥሮ የሚወድቀው፣ ከዕጣን ማጨሻው ሳይታይ የሚረግፈው ፍም እስኪነሳ ድረስ ጣውላውን አክስሎት ይቆያል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በዐውደ ዓመት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው፤ ከነእርጥበቱ ሲያድር የወለሉ ሰም ነጣ ይላል፣ በሚስማሮቹ ራስ ዙሪያ ያለው እንጨት ደግሞ ይጠቁራል። የረከቦቱ እግር፣ የተጎተተው ቡፌ፣ አንድ ቀን ከእጅ ያመለጠው የብረት ሙቀጫ ዘነዘና ሁሉም የየራሳቸውን ምልክት ትተዋል። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ጠመኔ ይዤ በጉልበቴ እየሄድኩ ጉዳቱን ሁሉ ከበብኩት፤ 43 ሆነ። ይህን ማድረግ ሞኝነት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ የመጀመሪያው ሰዓት ነበር፤ ምክንያቱም ጉዳቶቹ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት መስለው፣ ሲጠጉ ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

መለያው የጣት ጥፍር ነው። ጥፍርን በጭረቱ ላይ አቋርጦ ሲያሳልፉት ሳይያዝ ካለፈ ጉዳቱ በሰሙ ወይም በቫርኒሹ ላይ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማንኛውም መሙያ ያበላሸዋል እንጂ አያሻሽለውም። በንጹሕ ጨርቅ ጥቂት አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛ) ነክቶ አሮጌውን ሰም ማንሳት፣ ሲደርቅ አዲስ የወለል ሰም በስሱ መቀባትና መወልወል ብቻ ይበቃል። ከ43ቱ ውስጥ 19ኙ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ቄጤማው ያነጣው ቦታም በዚሁ መንገድ ለቀቀ፤ ንጣቱ በሰሙ ውስጥ የገባ እርጥበት ነውና እንጨቱን አልነካውም። ጥፍር ከተያዘ ግን ጉዳቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ የሚሞላ ነገር የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። በሳሎኑ መሐል ከረከቦቱ ሥር ያለውና የእናቴን ዓይን ለዓመታት ሲወጋ የኖረው የፍም ጠባሳ ከዚህኛው ወገን ነበር።

ጠባሳው የሃምሳ ሳንቲም የብረት ገንዘብ ያህል ስፋት ነበረው፤ መሐሉ የከሰለ፣ ጠርዙ እየቀላ ወደ ጤነኛው እንጨት የሚደባለቅ ነበር። ሰሙን በቀጥታ እላዩ ላይ ለማንጠባጠብ ቸኩዬ ነበር፤ ደግነቱ መጀመሪያ በቢላ ጫፍ ነካ ሳደርገው ከሰሉ እንደ ዱቄት ተነሳ። የከሰለ እንጨት ምንም ነገር አይዝም፤ በላዩ የተሞላው ሁሉ ከነከሰሉ ይነቀላል። ስለዚህ በጠባብ መሮ ጫፍ፣ እየቆፈርኩ ሳይሆን የእንጨቱን መስመር ተከትዬ በእርጋታ እየፋቅሁ፣ ጥቁሩ አልቆ የጥዱ ቀላ ያለ መልክና ሽታው እስኪወጣ ድረስ አጸዳሁት። በመጨረሻ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ንጹሕ ጎድጓዳ ቀረ። የጎድጓዳውን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መተው ጥሩ ነው፤ ወደ ምንም እየሳሳ የሚሄድ ጠርዝ ላይ ያለ ሰም በእግር ሲረገጥ እየተላጠ ይነሳል።

ቀጥሎ የቀለም ምርጫ መጣ፤ ስብስቡ በእኔ ዓይን የመጀመሪያ ነጥቡን የጣለውም እዚህ ላይ ነው። አሥራ አንዱ ዘንጎች የተመረጡት ለፈረንጅ አገር እንጨት ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ቡናማ አለ፤ የጥድን መልክ ብቻውን የሚሰጥ አንድም ዘንግ የለም። መፍትሔው ማደባለቅ ነው። ቀያዩን ቡናማ ዘንግ ጫፉን በማቅለጫው ነክቼ ሁለት ጠብታ ወደ ጎድጓዳው አንጠባጠብኩ፤ ከዚያ ከቢጫማው አንድ ጠብታ ጨምሬ በራሱ በማቅለጫው ጫፍ አማሰልኩት። ሰሙ ሲቀልጥ ከሚታየው ይልቅ ሲረጋ ትንሽ ይፈዛል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በአንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቀለሙን አይቶ ወደ ወለሉ መምጣት ያስፈልጋል። ጎድጓዳው ከወለሉ ትንሽ ከፍ እስኪል ሞላሁትና አሥር ደቂቃ ተውኩት። ሲረጋ ጥርሱ ባለው መፋቂያ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ደጋግሜ ሳልፈው ትርፉ ሰም በቀጫጭን ጥቅልል እየተነሳ ወለሉ ተስተካከለ፤ ጥርሱ ከጎኑ ያለውን ጤነኛ ጣውላ ሳይጭር ሰሙን ብቻ ማንሳቱን ሳይ ይህቺ ትንሽ ፕላስቲክ ከስብስቡ ሁሉ የታሰበባት መሆኗን ተረዳሁ።

ያም ሆኖ ጥገናው እንደ ፕላስተር አንድ ወጥ ሆኖ ይታይ ነበር፤ የእንጨቱ መስመር ጠባሳው ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ይህን ለማስተካከል ጥቁር ቡናማውን ዘንግ በማቅለጫው ጫፍ ላይ በጣም ጥቂት አንስቼ፣ ከጎድጓዳው ወዲህ ያለውን መስመር ከወዲያኛው ጋር የሚያገናኙ ሦስት ቀጫጭን ሰረዞች አሰመርኩና እንደገና በመፋቂያው አለሰለስኩት። ከቆምኩበት ሳየው ቦታውን ራሴ ፈለግሁት። እናቴ ከገበያ ተመልሳ ገብታ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ካየች በኋላ፣ «እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እዚህ ጋ አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሥራ ላይ ለስብስቡ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የቆየበትንም ዘመን መናገር እችላለሁ፤ ከተሠራ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ በየሳምንቱ ይጠረጋል፣ ይረገጣል፣ አሁንም በቦታው አለ።

በዚሁ መንገድ 11 ጉዳቶችን፣ ማለትም የፍም ጠባሳዎችን፣ የተነቀሉ ሚስማሮች የተዉዋቸውን ቀዳዳዎችና አጫጭር ግን ጥልቅ ጭረቶችን ጠግኛለሁ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ከሦስት ወር በላይ አልቆዩም። ሁለቱም በበሩ መግቢያ ላይ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ ዘወትር በሚረግጠው ቦታ ያሉ ነበሩ። ሰም ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን እንደ እንጨት አይሆንም፤ ብዙ የሚረገጥ ቦታ ላይ እያለቀ ይሄዳል። ስትገዙ ከዘንጎቹ አንዱን በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት፤ ጥፍሩ እንደ ሻማ ከሰመጠ ለቤት ዕቃ የተሠራ ለስላሳ ሰም ነውና ለወለል አይሆንም። ሁለተኛው ማሳሰቢያ ሙቀት ነው፤ የተጠገነው ቦታ ላይ ፈርኔሎ ማስቀመጥ ሰሙን መልሶ ማቅለጥ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ከፈርኔሎው ሥር የሸክላ ሰሌዳ ታደርጋለች፤ ይህ ሰሌዳ ከየትኛውም መጠገኛ በላይ ወለሉን አድኖታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። ቫርኒሽ በሰም ላይ አይያዝም። ወለላችሁን በቅርቡ ቫርኒሽ ለማስቀባት ካሰባችሁ የሰም ዘንግ አትንኩ፤ ቫርኒሹ በሰሙ ላይ ይሸሻል ወይም ቆይቶ ይላጣል። መጀመሪያ በሌላ መሙያ ጠግኖ፣ ቫርኒሹን ቀብቶ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጡትን ትንንሽ ጉዳቶች በሰም መያዝ ነው የሚሻለው። የእኛ ወለል ሲወርድ ሲዋረድ በሰም የተወለወለ ስለሆነ ችግሩ አልገጠመኝም፤ ቫርኒሽ የተቀባ ወለል ያላት ጎረቤታችን ግን የእኔን አይታ በሰም ከሞላች በኋላ ሙሉውን ፍቃ ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጅቶባታል፤ አስቀድሜ ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስብስቡ ያልቻላቸውን ጉዳቶች ለመጠገን ሁለት ሌሎች ነገሮችን ሞክሬያለሁ፤ ግምገማው ያለ እነሱ ጎዶሎ ስለሚሆን እጨምራቸዋለሁ። አንደኛው በቱቦ የሚሸጠው የእንጨት ስቱኮ ነው። እዚያው ደብረ ብርሃን ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገዝቼ ቤት ስከፍተው አንደኛው ቱቦ ግማሹ ደርቆ ነበር፤ ልመልስ ብሄድ አልቀበልም ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ስገዛ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጨመቅሁ፣ ለስላሳ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልከፍልም። ደህናው ቱቦ በሥራው መጥፎ አልነበረም። በውሃ የተለወሰ ስለሆነ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ከተሞላ መሐሉ ይሰምጣል ወይም ይሰነጠቃል። በስሱ እየደራረቡ፣ አንዱ እስኪደርቅ እየጠበቁ፣ በመጨረሻ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው ሞልተው በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ180 በእንጨቱ መስመር ማለስለስ ነው። ጉድለቱ መልኩ ነው፤ የእንጨት ቀለም እንደ እንጨቱ አይጠጣም፣ ሰም ሲነካውም ከጎኑ ካለው ጥድ የተለየ ሆኖ ይቀራል። ከሶፋው ሥርና ከግድግዳው ጥግ ባሉት ቦታዎች ተጠቅሜበታለሁ፤ ሳሎን መሐል ግን አልደግመውም።

ሁለተኛው የእኛ አናጢዎች ሁሌም የሚሠሩበት ሰጋቱራ በኮላ ነው። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ሲደርቅ ከሦስቱም የሚጠነክረው እሱ ነው፣ የተሰነጠቀ የጣውላ ጠርዝንም አጣብቆ ይይዛል። ሰጋቱራው ከራሱ ከጥዱ መሆን አለበት፤ በመጋዝ የወጣው ሻካራ ስለሚሆን፣ ከሶፋው ሥር ያለውን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ የወጣውን ደቃቁን ዱቄት ሰብስቤ ተጠቀምኩ። ኮላው ሰጋቱራውን ስለሚያጠቁረው ጥገናው ከእንጨቱ አንድ ደረጃ ጠቆር ይላል። በሚስማር ቀዳዳ ላይ ይህ አያስከፋም፤ በጥድ ላይ ትንንሽ ጉጦች ስላሉ ዓይን እንደ ጉጥ ያየዋል።

በዚህ ድብልቅ የጀመርኩት ሥራ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ሙሉ በሙሉ ከሽፎብኛል፤ ምክንያቱን ለማወቅም ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ኅዳር ውስጥ፣ ከሥራ ከተመለስኩ በኋላ፣ ማታ ማታ ነበር የምሠራው። ጠዋት ሳየው የሞላሁት ሁሉ ነጣ ብሎ፣ በጣት ሲነካ እንደ ኖራ ይፈረፍራል። ኮላውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሰጋቱራውን አሳነስኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ በሰፈራችን ለብዙ ዓመታት አናጢነት የሠሩ አንድ አዛውንት የሚንጫጫ ጣውላ ሊያስተካክሉልን በመጡ ጊዜ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉትና፣ «ይኼን ማታ ነው የሠራሽው አይደል?» አሉኝ። እንዴት አወቁ ጋሼ ስላቸው፣ «ልጄ፣ ኮላና ውርጭ አይስማሙም። ፀሐይ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ሥሪ፣ ሲመሽ ተዪው» ብለው መለሱልኝ።

ነገሩ እንዳሉት ነው። ነጭ ኮላ በውሃ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ስብስብ ሲሆን፣ ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ወጥ ጠንካራ ነገር መሆን አለባቸው። ቅዝቃዜው ሲበረታ ውሃው ይሄዳል፣ ቅንጣቶቹ ግን ሳይዋሐዱ ይቀራሉ፤ ያ ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ላለው ኮላም ሆነ በውሃ ለተሠራ ስቱኮ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መሥራት አይመከርም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ውርጭ ይጥላል፣ እሳት የማይነድበት ሳሎንም ከዚያ ብዙ አይሻልም። አዲስ አበባ ላይ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ማታ የሚሠራ ሰው ይህ ላይገጥመው ይችላል፤ በደጋው ግን ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መስኮት ከፍቶ ፀሐይ አስገብቶ መሥራት የግድ ነው። ይህን ካደረግሁ በኋላ ያው ኮላና ያው ሰጋቱራ እንደ አጥንት ጠነከሩ። የሰም ዘንጉ ከሁለቱ የሚበልጥበት ሌላው ነገርም ይኸው ነው፤ ሰም የሚረጋው በመቀዝቀዝ ስለሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ለእሱ ረዳቱ ነው፣ ማታም ይሠራል።

እኚሁ አዛውንት ግማሽ ቀን ሠርተው 600 ብር ወሰዱ፤ የሚንጫጫውን ጣውላ ከሥሩ ባለው ሞራሌ ላይ በሁለት የእንጨት ብሎን አሰሩትና የብሎኖቹን ራስ ከእንጨቱ በታች አስገቡት፤ ጩኸቱ ያኔውኑ ቆመ። ክፍያው ግን ከሥራቸው ይልቅ ለምክራቸው ያንሳል፤ ምክንያቱም በጣውላዎቹ መሐል የቀረውን ክፍተት ልሞላ ስዘጋጅ ያስቆሙኝም እሳቸው ናቸው።

ክፍተቱ ጉዳት የሚመስል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጉዳት ያልሆነ ነገር ነው። ጣውላ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በበጋው ደረቅ አየር በጣውላዎቹ መሐል የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ክፍተት ተመልሶ ይዘጋል። እኔ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ክፍተቶችን በሰም፣ ሁለቱን በስቱኮ ሞልቼ ነበር። ሐምሌ ላይ ጣውላዎቹ ሲሰፉ ሰሙ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣና በእግር ተረግጦ ወለሉን አቆሸሸ፤ ስቱኮው ደግሞ በአንድ በኩል ተሰብሮ ተነሳ። «ክፍተቱ የጣውላው መተንፈሻ ነው፤ ለምን ትሞዪዋለሽ?» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀድሜ የሠራሁትን ከመናገር ዝም አልኩ። ብርድ እያስገባ ለሚያስቸግር ሰፊ ክፍተት የሚሆነው የሚታጠፍ ነገር ነው ብለው ሲባጎ በቀለጠ ሰም ነክረው በስፓቱላ እየጠቀጠቁ አሳዩኝ። ሲባጎው ጣውላው ሲሰፋ ይጨመቃል፣ ሲጠብ ይለቀቃል። አንድ ክረምት አልፎታል፤ አልወጣም።

ዘነዘናው ለሰረጎደው ቦታ ደግሞ ከሦስቱም መሙያዎች አንዱም አላስፈለገም። እንጨቱ ተጨምቆ እንጂ ተቆርጦ ካልሆነ በእንፋሎት ይመለሳል። ሰሙን በአኳራጃ አነሳሁ፣ እርጥብ ነጠላ ጨርቅ በቦታው ላይ አጥፌ አስቀመጥኩ፣ የጋለ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ነካ እያደረግሁ አነሳሁ። በየመሐሉ ጨርቁን እየገለጥኩ ሳይ የተጫነው ቃጫ ውሃውን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ሲነሳ በዓይን ይታያል። በአምስተኛው ጊዜ ከወለሉ ጋር እኩል ሆነ። ካውያውን አንድ ቦታ ማቆየት እንጨቱን ያቃጥላል፤ ቫርኒሽ ባለው ወለል ላይም ቫርኒሹን ያነጣል፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ በሰም ለተወለወለ ወለል ነው።

በባሕር ዛፎቹ ጣውላዎች ላይ በሚስማሮቹ ዙሪያ ያለውን ጥቁረት ግን አላሸነፍኩትም። ባሕር ዛፍ ታኒን የሚባለው ነገር የበዛበት እንጨት ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ከሚስማሩ ብረት ጋር ተዋሕዶ እንደ ቀለም ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ በመፋቅ አያልቅም። ለዚህ የሚሆነው ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል መርዛማ ዱቄት ነው፤ ሕፃናት ወለል ላይ በሚድሁበት ቤት እሱን ለማስገባት አልደፈርኩም። ጥቁሩን እንደነበረ ትቼ ዳርቻውን በጥቁር ቡናማው ዘንግ አለሳልሼዋለሁ፤ ጉጥ ይመስላል።

አንድ የማልዘለው አደጋ አለ። በአካባቢያችን ተልባ በብዛት ስለሚመረት ወለሉን ከጥገና በኋላ በተልባ ዘይት የሚያሹ ሰዎች አሉ፤ ዘይቱ ለእንጨት ጥሩ ነው። ነገር ግን በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ጨርቁ ማንም እሳት ሳያስነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ከትቶ ማሳደር ያስፈልጋል። በሰም ለሚሠራ ሰው ይህ ስጋት የለበትም፤ አኳራጃ የነካው ጨርቅ ግን ከፈርኔሎው መራቅ አለበት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 1,200 ብር ለአንድ ሳጥን ሰም ብዙ ነው፤ ነገር ግን የጠገንኳቸው 11 ጉዳቶች ያሉባቸውን ጣውላዎች ልተካ ብል ጥድ አላገኝም፣ በባሕር ዛፍ ብተካ ደግሞ ሳሎኑ ዥንጉርጉር ይሆናል። ማቅለጫው የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ከአምስትና ስድስት ቦታ በኋላ ጫፉ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ትርፍ ድንጋይ ይዞ መጀመር ነው። ስፖንጁ ከንቱ ነው፤ በሱፍ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ለፍም ጠባሳ፣ ለሚስማር ቀዳዳና እምብዛም በማይረገጥ ቦታ ላለ ጥልቅ ጭረት ያለ ማመንታት እንድትገዙት እመክራለሁ። ለክፍተት፣ ለበር መግቢያና ቫርኒሽ ለሚጠብቅ ወለል ግን አትግዙት።

አሁን በሳጥኑ ውስጥ ሰባት ዘንጎች ሳይነኩ ተቀምጠዋል፤ ግራጫዎቹና ነጣ ያሉት ለጥድ ምንም አይጠቅሙም። ቀያዩ ቡናማ ዘንግ ግን ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ለብቻው የሚሸጥበት ቦታ ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሄጄ ብጠይቅም አላገኘሁም። ጥድ ወለል ያላችሁ ሰዎች ስትገዙ ሳጥኑን ከፍታችሁ ከቀያዩ ቡናማ ሁለት ዘንግ ያለበትን ምረጡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሻጩ ከሌላ ሳጥን በግራጫው እንዲቀይርላችሁ ጠይቁት።